ጆንሰን በ87 ድምፅ ነው ያሸነፈው ወይስ በእጥፍ? ስለ ቴክሳስ የ1948 ሴኔት ምርጫ

የሀይቋ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ታሪክ የምትወዱ ካላችሁ እስኪ አንዴ እዩልኝ። ሰሚናር ወረቀት አለብኝ፣ ርዕሱ የአሜሪካ ደቡብ ስቴቶች በአንድ ፓርቲ ብቻ ሲገዙ ምርጫቸው ምን ይመስል ነበር ሚል ነው፣ እኔ የቴክሳስን ያዝኩ፣ በፈረንጅ 1948 ሊንደን ጆንሰን ሴኔት የገባበትን፣ ያው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰውዬ። ሶስት ቀን ሳነብ ከርሜ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ያገኘሁት ጽሁፍ ሁሉ "በ87 ድምፅ አሸነፈ" ይላል፣ እንደውም ሊያበሽቁት ላንድስላይድ ሊንደን ይሉት ነበር፣ በሰፊ ልዩነት ያሸነፈው ሊንደን እንደማለት ነው። እሺ ብዬ የኖቬምበር 2ን ውጤት ሳየው ደሞ ጆንሰን 66 በመቶ ገደማ፣ ሪፐብሊካኑ ጃክ ፖርተር 33 በመቶ። እጥፍ እኮ ነው! በመቶ ሺዎች ሚቆጠር ልዩነት ነው፣ ታዲያ 87ቱ ከየት መጣ?

ሌላው ደሞ፣ ፓርቲው አንድ ብቻ ከሆነ ሰው ምን ብሎ ይሰለፋል? ማታ እናቴ ቡና እየቆላች ስለምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና ነገርኳት፣ ትንሽ አሰብ አርጋ "አንድ ፈረስ ብቻውን የሚሮጥበት ጉግስ ምኑ ይታያል" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። መግቢያው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ።

ኮምቦልቻ ላይ

እህታለም አብሽሪ፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው፣ ሁለት የተለያየ ምርጫ ስለሆነ ነው። 87ቷ የኦገስት 28 ናት፣ ዲሞክራቶች እርስ በርሳቸው የተወዳደሩበት የፕራይመሪው ሁለተኛ ዙር። 66 በመቶው የኖቬምበሩ ነው። በዛ ዘመን ቴክሳስ ላይ ኖቬምበር ማለት ሰርጉ አልቆ ድንኳኑ ሲነቀል እንደመድረስ ነው፣ ሙሽራው ማን እንደሆነ ኦገስት ላይ ታውቋል።

አካሄዱን ልንገርሽ። ጁላይ 24 የመጀመሪያው ዙር ተደረገ፣ ብዙ ሰው ቀርቦ ነበር ግን ዋናዎቹ ሶስት ናቸው፣ የቀድሞው የስቴቱ ገዢ ኮክ ስቲቨንሰን፣ ኮንግረስ ውስጥ የነበረው ጆንሰን፣ እና ጆርጅ ፔዲ ሚባል ጠበቃ። ስቲቨንሰን ጆንሰንን ከ70 ሺህ ድምፅ በላይ በልጦት ወጣ ግን ከመቶ ሃምሳ አላለፈም፣ ሕጉ ደሞ ከግማሽ በላይ ይላል፣ ስለዚ ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ብቻ ኦገስት 28 ድጋሚ ተገናኙ። አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ሰው ድምፅ ሰጥቶ ጆንሰን 494,191፣ ስቲቨንሰን 494,104። ቀንሺው፣ 87 ነው። እንደው ስታስቢው ከአንድ ሚሊዮን ሰው ውስጥ 87 ማለት አንድ አይሱዙ ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው ነው።

የእናትሽ ጥያቄ ላይ ግን በእኔ እይታ ፈረሱ አንድ አልነበረም፣ ፈረሶቹ አንድ ጋጣ ውስጥ ነበሩ እንጂ። በጣም ነው የሚሮጡት። ጆንሰን እንደውም በዛ በጋ በሄሊኮፕተር ነው የቀሰቀሰው፣ ሄሊኮፕተር በአይኑ አይቶ የማያውቅ የገጠር ሰው ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ እሱ ከላይ በማይክ የከተማውን ሰዎች ሰላም እያለ ኮፍያውን ወደታች ይወረውራል። ለኖቬምበሩ አይደለም ይሄ ሁሉ፣ ለፕራይመሪው ነው።

የሀይቋ

ኦ አላህ ይስጥልኝ! በቃ ሶስት ቀን የታገልኩት እሱ ነው፣ ፕራይመሪ የሚለውን እንደ ማጣሪያ ነገር ብቻ እያነበብኩ ዋናውን ኖቬምበር ላይ እፈልግ ነበር። ግን ለምንድነው ሁሉም አንድ ጋጣ ውስጥ የተሰበሰቡት? ሪፐብሊካኖቹ ምን ሆነው ነው?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ እንደምን ዋልሽ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያነሳሽው ነገር ደስ ብሎኛል፣ ዘለግ አድርጌ ልመልስልሽ።

በእርስ በርስ ጦርነታቸው ደቡቡ ሲሸነፍ፣ ያሸነፈው የሊንከን ፓርቲ ሪፐብሊካን ነበር። የሰሜኑ ጦር ደቡብ ላይ በቆየባቸው ዓመታት ጥቁሮች መምረጥና መመረጥ ጀምረው ነበር፣ በሪፐብሊካን ስም ማለት ነው። ጦሩ በ1877 ነቅሎ ሲወጣ ነጮቹ ሪፐብሊካን የሚለውን ቃል ከሽንፈታቸውም ከጥቁሮች መብትም ጋር አያይዘው ጠሉት፣ ዲሞክራት መሆን እንደ ሃይማኖት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሆነ። ቴክሳስ ከዚያ ዘመን በኋላ የመጀመሪያውን ሪፐብሊካን ሴናተር ያገኘችው በ1961 ነው፣ ጆን ታወር ይባላል፣ ያገኘውም ጆንሰን ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን የለቀቀውን ወንበር ነው። እንግዲህ ስሌቱን አንቺው አድርጊው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፣ አደራ ወረቀትሽ ውስጥ እንዳታልፊው። ዋናው ምርጫ የፓርቲው ውስጥ ምርጫ ከሆነ፣ ሰውን ከእውነተኛው ምርጫ ለማባረር ከፓርቲው ማስወጣት ብቻ ይበቃል። ቴክሳስ በ1923 ጥቁር ሰው በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ድምፅ አይሰጥም የሚል ሕግ አወጣች። ኤል ፓሶ ከተማ ሎረንስ ኒክሰን የሚባል ጥቁር ሐኪም ከሰሰ፣ በ1927 ረታ። እነሱ ደግሞ ሕጉን ትተው ፓርቲው የግል ማኅበር ነው፣ አባሉን ራሱ ይመርጣል አሉ፣ በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ተቀበለላቸው። ልክ የእኛ ቅሬ (ሌላ አገር እድር የሚባለው) ማንን እንደሚያስገባ ራሱ እንደሚወስን ማለት ነው፣ ልዩነቱ ግን ቅሬ ሴናተር አይመርጥም። በ1944 ነው ሎኒ ስሚዝ የተባለ የሂዩስተን የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃው ተርጉድ ማርሻል ሆኖ፣ ይህን ግንብ ያፈረሰው። ስለዚህ አንቺ የምትጽፊበት የ1948ቱ ምርጫ ጥቁሮች በፕራይመሪው በሕግ መግባት ከቻሉ ገና አራት ዓመቱ ነው። የነፍስ ወከፍ ግብሩ ደግሞ እንዳለ ነበር፣ ለመምረጥ አስቀድሞ ለስቴቱ አንድ ዶላር ከሃምሳ መክፈል ያስፈልጋል፣ ካውንቲውም (ከስቴቱ በታች ያለው፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ሃያ አምስት ሳንቲም ሊጨምርበት ይችላል። በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፣ ነጩንም ድሀ ነው ያስቀረው።

እኔ በ1979 ዓ.ም. በሸንጎው ምርጫ ተሰልፌ ድምፅ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ ቆሜ የማስበው ነገሩ እኛ ሳንመጣ በፊት አልቋል እያልኩ ነው፣ እጩ ሲጠቆም ነው የሚያልቀው። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው እሱ ነው። ስለ ቴክሳስ ሳነብ ግን የገረመኝ በአንድ ፓርቲ ውስጥ እስከ አንገት የደረሰ ፉክክር መኖሩ ነው፣ ችግሩ ፉክክሩን የሚዳኘው ራሱ ፓርቲው መሆኑ ነው። ቆጣሪው የፓርቲ፣ አጽዳቂው የፓርቲ፣ አቤት የሚባለው ለፓርቲ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ኦገስት 28 ማለት በእኛ ነሐሴ 22 ቀን 1940 ነው፣ ውጤቱ የጸደቀው ሴፕቴምበር 13 ማለትም መስከረም 3 ቀን 1941። ያ ክርክር የእኛን እንቁጣጣሽ ተሻግሮ ነው ያለቀው። ወረቀትሽ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ብታስቀምጪ አንባቢሽ አይደናገርም።

የሀይቋ

ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥዎት፣ በጣም ነው ያመሰገንኩት። ቆጣሪው የፓርቲ አጽዳቂው የፓርቲ ያሉት ነገር ላይ ይቆዩልኝ፣ ቆጠራው እንዴት ነበር? ስለ 13 ቁጥር ኮሮጆ የሚያወራ ነገር እያየሁ ነው ግን አንዱ ካንዱ ይለያያል።

ደሴ ወደ ዳላስ

እሱን ለኔ ተዉት፣ እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ አሁን ቴክሳስ ነው ያለሁት፣ ትራክ ነው የምነዳው። ሀይዌይ 281 ሚባል መንገድ አለ፣ ጆንሰን ሲቲ በሱ ላይ ነው፣ ሰውየው ያደገባት ከተማ፣ ከዛ ሳን አንቶኒዮን አልፈህ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ስትወርድ እዛው መንገድ ላይ አሊስ ሚባል ከተማ ታገኛለህ፣ ኮሮጆ 13 ያለችበት። አንድ መንገድ ላይ መሆናቸው ሁሌ ይገርመኛል። አሊስ ስደርስ ነዳጅ ስቀዳ ዙሪያውን አያለሁ፣ ሜዳ ነው፣ ደረቅ ቁጥቋጦ፣ ሙቀቱ ሚሌን ሚያስታውስ ነው፣ የአገር ፕሬዚዳንት እጣ እዚህ ተወሰነ ብትባል አታምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦገስት 28 ቅዳሜ ነበር። በዛ ጊዜ ቆጠራ በአንድ ሌሊት አያልቅም፣ ከየካውንቲው እየተደወለ ቁጥር ይስተካከላል፣ ቀናት ሙሉ አንዴ ይሄ አንዴ ያኛው ይመራል። መጨረሻ ላይ ስቲቨንሰን ለጥቂት እየመራ ነበር። ከዛ በስድስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 3 አርብ፣ ከጂም ዌልስ ካውንቲ፣ ከአሊስ፣ ቦክስ 13 "ተሳስተን ነበር" የሚል እርማት መጣ። ለጆንሰን 765 ተብሎ የነበረው 965 ሆነ። አየሽ 7ቷን? ከላይ ጫፏን አዙረሽ ብትዘጊያት 9 ትሆናለች። እስኪ ወረቀት ላይ ሞክሪው። 200 ድምፅ በአንድ የእስክርቢቶ ዙር። ለስቲቨንሰን ደሞ ሁለት ብቻ ተጨመረለት።

ያ አካባቢ የጆርጅ ፓር ነበር፣ የዱቫል ካውንቲ ዱክ (መስፍን እንደማለት) ነበር ሚሉት፣ አባቱም የዛ አገር ጌታ ነበር። ሰራተኛው አብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ድሀ ነው፣ ሰው ሲሞትበት መቅበሪያ ሚሰጠው፣ ሲታመም ሐኪም ጋ ሚልከው፣ የነፍስ ወከፍ ግብሩንም ሚከፍልለት ፓር ነው፣ ከዛ ምርጫ ሲመጣ ምረጥ ያለውን ይመርጣል። በዱቫል ካውንቲ ጆንሰን ያገኘው ከመቶ 99 ገደማ ነው፣ እንደዛ ሚባል ነገር በነጻ ምርጫ የለም። ፓር በፊት ለስቲቨንሰን ነበር ድምፅ ሚያስገባለት፣ ከዛ በሹመት ጉዳይ ተጣሉና ዞረበት። ስለዚ ስቲቨንሰንም የተበደለው በሚያውቀው መንገድ ነው፣ እሱን ጻድቅ አርገሽ እንዳትጽፊው።

ስቲቨንሰን ግን ዝም አላለም። ፍራንክ ሀመር ሚባል ስመ ጥር ሬንጀር (የቴክሳስ ፖሊስ) ነበር፣ በ1934 ቦኒና ክላይድ የሚባሉትን ወንበዴዎች ያደፈጠባቸውን ቡድን የመራው ሰውዬ፣ እሱን ይዞ ራሱ አሊስ ድረስ መጣ። የመራጮቹ መዝገብ ባንክ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ሰዎቹ መዝገቡን ትንሽ እንዲያዩት ብቻ ተፈቀደላቸው፣ ባዩዋት ቅጽበት ያዩት ነገር ነው እስከዛሬ ሚወራው፣ መጨረሻ ላይ የተጨመሩት ስሞች በአንድ እጅ ጽሁፍ በአንድ ቀለም፣ ደሞ በፊደል ተራ።

የሀይቋ

ቆይ የፊደል ተራው ላይ ልጠይቅ፣ ሁሉም ጽሁፍ እሱን እንደ ትልቅ ማስረጃ ነው የሚያነሳው፣ እጅ ጽሁፉ ይገባኛል ግን የፊደል ተራው ለምን? መዝገብ በፊደል ተራ ቢሆን ምን ችግር አለው?

የቅሬ ጸሐፊ

እኔ ታሪክ አላጠናሁም ይሄን ግን መመለስ እችላለሁ፣ በእጄ ስላለፈ። ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ አራት አመት ሰርቻለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ አሁንም ጎረቤቶቼ ናቸው ሀዘንም ደስታም አብረን ነን።

ቅሬያችን ዳኛ ሊመርጥ እሁድ ጠዋት ተሰበሰበ። ሰው ሲገባ በር ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ደብተሩ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል። እንዴት እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ፣ መጀመሪያ በእድሜ የገፉት ይመጣሉ፣ ከዛ ከመስጊድም ከቤተክርስቲያንም የሚመለሱት፣ ከዛ ሴቶቹ ቁርስ አብልተው፣ መጨረሻ ወጣቶቹ እያዛጉ። ስለዚ ደብተሩ ላይ ቁጥሩ 112፣ 9፣ 47፣ 201፣ 33 እያለ ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነው የሚሄደው። አንዱ በሰማያዊ አንዱ በጥቁር፣ አንዷ እስክርቢቶ አልፅፍ ብሏት ሶስት ጊዜ ፍቃ፣ አንዱ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን አትመው። ሕያው ሰው የመጣበት ደብተር እንደዛ ነው የሚመስለው።

ማታ ቤት ወስጄ ቃለ ጉባኤውን ልገለብጥ ደብተሩን ስከፍት መጨረሻው ገጽ ላይ 17 ስም አየሁ፣ ቁጥራቸው 140፣ 141፣ 142፣ 143 እያለ በሰልፍ ይሄዳል፣ በአንድ እስክርቢቶ፣ የ"መ" አንገት ሁሉም ጋ እኩል ታጥፎ። 146 ሳዑዲ ያለች ልጅ ናት፣ እናቷ ናት መዋጮ የምትከፍልላት። እጄ ተንቀጠቀጠ ወላሂ። ሰው በተራ ቁጥር ተሰልፎ ስብሰባ አይመጣም እኮ! በተራ የሚመጣው ስም ከአባላት መዝገብ ላይ ተቀድቶ ሲጻፍ ብቻ ነው። እዛ አሊስም እንደዛው ነው፣ 200 ሰው ምርጫ ጣቢያ ሊመጣ ሲል እየተጠራራ በፊደል ተራ ቆሞ አይገባም፣ ስለዚ የተጻፈው ከዝርዝር ላይ ነው ማለት ነው።

እኛ ጋ እንዴት አለቀ ብትሉኝ፣ በነጋታው ደብተሩን ይዤ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ቡና ተጠጣ፣ ማን እንደጻፈው ያወቀ ያውቃል ግን በስም አልተጠራም፣ ምርጫው ተደገመ፣ በሁለተኛው ደብተሩን ሶስት ሰው ያዘው። ያቺ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ጎረቤቴን ሌባ ማለት ከባድ ነው፣ ዝም ማለትም ሀዘን ሲመጣ ድንኳን የምንተክልበትን ገንዘብ አሳልፎ መስጠት ነው።

የሀይቋ

እህቴ/ወንድሜ (ይቅርታ አላወቅኩም) ይሄን ካነበብኩ በኋላ መዝገቡ በአይኔ መጣብኝ። የፊደል ተራው አሁን ገባኝ። ታዲያ እዛስ ለምን አልተደገመም? ፍርድ ቤት አልነበረም?

ጡረተኛው መምህር

የቅሬው ጸሐፊ ሆይ ያደረግሽው ወይም ያደረግከው ትልቅ ነገር ነው፣ ምስጋናዬ ይድረስ።

ወደ ፍርድ ቤቱ ልምጣ። ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ውጤቱን የሚያጸድቀው የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ተሰብስቦ በ29 ለ28 ጆንሰንን አጸደቀ፣ በአንድ ድምፅ ልዩነት። ስቲቨንሰን ለፌዴራል ዳኛ አቤት አለ፣ ዴቪድሰን የሚባሉ ዳኛ ናቸው፣ የጆንሰን ስም ኖቬምበር ወረቀት ላይ እንዳይገባ አገዱና ኮሮጆው ተከፍቶ ይጣራ አሉ። በመካከሉ ዳኛው ሁለቱም ስማቸው ኖቬምበር ላይ ይግባና ሕዝቡ ይፍረድ ብለው ለማስታረቅ ሞከሩ፣ ስቲቨንሰን እሺ አለ፣ ጆንሰን እምቢ አለ። ለምን እምቢ አለ ብለሽ ብታስቢ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

የጆንሰን ጠበቆች ሰዓት እየሮጠባቸው ነበር፣ የምርጫ ወረቀቱ ሊታተም ነው። አቤ ፎርታስ የሚባለው ጠበቃ መንገዱን አገኘላቸው፣ ጉዳዩ በፍጥነት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሁጎ ብላክ ዘንድ ደረሰ፣ እሳቸውም ይህ የስቴቱ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት አይገባበትም ብለው እግዱን አነሱት። አሊስ ላይ ማጣራቱ ተጀምሮ ምስክር እየተሰማ ነበር፣ በዚያው ቆመ። ያ መዝገብ ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ፎርታስን ጆንሰን በ1965 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ሾመው።

ደሴ ወደ ዳላስ

በ1977 ደሞ የዛች ጣቢያ የምርጫ ኃላፊ የነበረው ሉዊስ ሳላስ ለአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ አዎ ስሞቹ ተጨምረዋል፣ በፓር ትእዛዝ ነው ብሎ ተናገረ። ያኔ ጆንሰን በ1973 ሞቷል ፓርም በ1975። ሰው አለ ካሁን ወዲያ ማን ሊጠይቀው ነው ሚል፣ ግን እኔ እንደማስበው 29 አመት ሆዱ ውስጥ ይዞት የኖረ ነገር ነው። ፎቶም አለ፣ መኪና ኮፈን ላይ ቦክስ 13 ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ተቀምጦ ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው፣ ሀይቋ ፈልገሽ እይው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፣ ጆንሰን ራሱ በ1941 በሴኔት ምርጫ በ1,311 ድምፅ ተሸንፎ ነበር፣ የሱ ሰዎች ቁጥራቸውን ቀድመው አሳውቀው ተቃራኒው ወገን ስንት እንደጎደለው አውቆ ሞላባቸው። በ48 ትምህርቱን ይዞ ነው የመጣው።

ወልድያ ሸዋ በር

ስለ አንድ ፓርቲ ከተነሳ የሳውዝ ካሮላይናውን የ1954 ጨምሪበት፣ የእናትሽን ጥያቄ የሚመልስ እሱ ነው። እዛ ሴናተር በርኔት ሜይባንክ ሴፕቴምበር 1 ላይ ሞቱ፣ ፕራይመሪውን አልፈው ለኖቬምበር የፓርቲው እጩ ሆነው እያለ ነው የሞቱት። ፓርቲው ሌላ ፕራይመሪ ማድረግ ይችል ነበር፣ አላደረገም፣ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ በ31 ለ18 ኤድጋር ብራውን ሚባል የስቴት ሴናተር መረጠ፣ የቆየ የፓርቲ ሰው ነው። ሰዉ ተቆጣ። 31 ሰው ሴናተራችንን ሊመርጥልን? ገዢው ጀምስ በርንስም ሳይቀሩ ከፓርቲያቸው ተለይተው ስትሮም ተርመንድን ደገፉ። ተርመንድ ወረቀቱ ላይ ስሙ የለም፣ መራጩ በእጁ ስሙን መጻፍ አለበት፣ እና ጻፈው! 63 በመቶ ገደማ አሸነፈ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ የታተመ ተወዳዳሪ እያለ በእጅ በተጻፈ ስም ሴኔት የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፣ ከሱ በኋላ ያደረገችው የአላስካዋ ሊሳ መርካውስኪ ናት በ2010። በ56 በፕራይመሪ እንድትፈርዱኝ ወንበሩን እለቃለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ ለቀቀ፣ ተመልሶ ገባ።

ግን ጀግና አርገሽ እንዳትወስጂው አደራ። ተርመንድ በ48 የጥቁሮችን መብት ተቃውሞ ለፕሬዚዳንት የተወዳደረ ሰው ነው፣ በ57 የሲቪል መብት ሕጉን ለማስቆም 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆሞ የተናገረ ነው። ብራውንም ቢሆን በዘር መለያየቱ ላይ ከሱ አይለይም። ሰዉ የተቆጣው የመምረጥ መብታችን ተነጠቀ ብሎ ነው፣ እዛው አጠገቡ ያለው ጥቁር ጎረቤቱ ግን መብቱ ከተነጠቀ ስንት ዘመኑ ነው። ሳውዝ ካሮላይና በ44 የቴክሳሱ ፍርድ እንደተሰጠ ወዲያው ፕራይመሪን የሚመለከቱ ሕጎቿን በሙሉ ሰርዛ ፓርቲው የግል ክለብ ነው ያለች ስቴት ናት፣ ዳኛ ዌሪንግ ናቸው በ47 ይሄ አይሆንም ያሉት። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ልቤ የሚቆስለው፣ ቁጣው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ ነው።

የሀይቋ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ማታ መብራት ሄዶ በስልኬ ባትሪ ነው ሁሉንም ያነበብኩት። መግቢያዬን ቀየርኩት፣ በኖቬምበር ሳይሆን ከዛች 7 ቁጥር ነው ምጀምረው። ወረቀት ላይ 765 ጻፍኩና ለእናቴ አሳየኋት፣ ከዛ እያየች 7ቷን 9 አደረግኳት። እስክርቢቶውን ተቀብላኝ ራሷ ሞከረችው፣ ከዛ "እና የነዚያ የሁለት መቶዎቹ ሰዎች ስም የማን ነው? በሕይወት ያሉ ናቸው?" አለችኝ።

ጋሼ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ በዚህ መንገድ የገባ ሰው በ1965 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ሕግ የፈረመ መሆኑን ወረቀቱ ውስጥ ላስገባው ወይስ ከርዕሱ ይወጣል?

ጡረተኛው መምህር

አስገቢው እንጂ። ኦገስት 6 ቀን 1965 ነው የፈረመው፣ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1957። ግን አንዱን በሌላው አታጥቢው፣ ሕጉን ስለፈረመ ኮሮጆው ንጹህ ነበር አትበይ፣ በኮሮጆው ምክንያትም ሕጉን አታሳንሺው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። እኛ ጃንሆይ በየካቲት 1959 ዋሽንግተን ሄደው ከዚሁ ሰው ጋር ሲገናኙ ጋዜጣ ላይ ያየነው ትልቅ መሪ ሆኖ ነበር፣ ስለ አሊስ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ለእናትሽ መልስ ደግሞ፣ ሲመረመር በዚያ ቀን ምርጫ ጣቢያ አልሄድንም ያሉ ሰዎች ስም ዝርዝሩ ላይ ተገኝቷል። ሰላም በይልኝ።

ደሴ ወደ ዳላስ

ሀይቋ የሚቀጥለው ሳምንት ወደ ታች ጭነት አለኝ፣ አሊስ ላይ ቆሜ የመንገዱን ምልክትና የከተማውን ፎቶ አነሳልሻለሁ፣ ለሽፋኑ ይሆንሻል።